ደረሰኝ

ቱሉ ዲምቱ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፤
ጠረጴዛዬ ላይ መቶ አርባ ቃላት፣
ስም የሚጠብቁ፣ ክርስትና ያልተነሡ ሕፃናት።
ኮሌጁ ያለኝ ይህን ነው፦
«ማሽን ለማሽን መልእክት ሲልክ፣ ከሥር፣ ከከርሠ ምድሩ፣
ተማሪው በአማርኛ ይግባው ምሥጢሩ።»

ከቀላሉ ጀመርኩ።
«እሽግ» አልኩት የሚላከውን፤
አድራሻ የሚጻፍበትን ፊቱን «ራስጌ»፣
መጨረሻውን ደግሞ «ግርጌ»፤
አልጋ መሰለኝ፣ ሰው የተኛበት፣
ከነብርድ ልብሱ በሽቦ የሚልኩት።

ወረፋ አላስቸገረኝም፤
ጎህ ሲቀድ ታክሲ የጠበቀ ያውቀዋል፦
ፊተኛው ይሄዳል፣ የኋላው ይጠጋል፣
ሲሞላ ትርፍ የለም፣ የቀረው ይጣላል።
«ማቆያ» ያልኩትም በረንዳዬን አይቼ ነው፣
የማክሰኞን ውሃ ለእሑድ የሚያቆየውን
ሰማያዊ በርሜሌን።

ሁለት ማሽኖች ደግሞ አሉ፣ አንዱ የሌላው ጠባቂ፣
ሁለቱም አድማጭ፣ ማንም የለ ላኪ፤
ይህን ምን ይሉታል?
ትናንት ደረጃው ላይ መምህር ጌታሰውና አቶ ቢራቱ
«እርስዎ ይቅደሙ!» «ኧረ በፍጹም፣ አንቱ!»
ሲባባሉ፣ እኔ ከኋላ፣ ጎመን በፌስታል፤
እንዲህ ያለ ጨዋነት ማሽንም ያደርቃል።
«የይሉኝታ መቆላለፍ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት፤
አራሚው ይስቃል።
ይሳቅ ብዬ መለስኩት።

አንዷ ግን እምቢ አለችኝ፤
የተቀበለ ለላከው የሚመልሳት፣
ያቺ ትንሽ ቃል፣ ጭነት የሌላት፣
«አግኝቻለሁ» ከማለት በቀር ሥራ የማታውቅ።
«ማረጋገጫ» ይላል የቢሮው መዝገብ፤
ማኅተም ማኅተም ይሸታል፣
በሽቦ የሚሮጥ ነገር ይህን ሁሉ ፊደል መች ይችላል?

ታች ቱቦው ጮኸ።
ጋሽ ኩምሳ ነው፣ የብሎኩ ጥበቃ፣
በድንጋይ የሚናገር፦ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።
አንዴ ሌባ፣ ሁለቴ ቦቴ፣ ሦስቴ ውሃ፤
ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ ስምምነት ነው፣ አንቀጽ የለውም።
የሰማ ሁሉ ቱቦውን በማንኪያ ነካ ያደርጋል፤
አንደኛ ፎቅ ቅጭ፣ ሁለተኛ ቅጭ፣
ጋሽ ኩምሳ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል።
እኔም ነካሁ።
ከእኔ በላይ፣ እማማ አፀደወይን፣ ዝም።

ደገመ። ዝም።
ቆየ፣ ከፊተኛው እጥፍ ቆየና ደገመ።
ዝም።
በእኔ መጽሐፍ፣ ሦስት ጊዜ የሞከረ ላኪ ይተዋል፤
«አልተገኘም» ብሎ ስሙን ከሰንጠረዡ ይፍቃል።
ጋሽ ኩምሳ መጽሐፉን አላነበበም።
ጉልበቱን እየረገመ ደረጃውን ሲወጣ ሰማሁት፣
በሬን ሲያልፍ ተከተልኩት።

«እማማ! ቢሻን ዱፌ! ውሃ መጥታለች!»
ከፈቱ፤ ባልዲያቸው ሙሉ፣ ቀሚሳቸው እርጥብ።
«ሰምቻለሁ እኮ፣ ያኔውኑ ነው የሰማሁት፤
ማንኪያዬን ነው ያጣሁት።»

ለካ ዝምታ አንድ መስሎ ሁለት ነው፤
ወይ ቃሉ አልሄደ፣ ወይ መልሱ ነው የቀረው፤
ድንጋይ ይዞ ታች ለቆመ ግን
ሁለቱም ያው ጨለማ ነው።

ጋሽ ኩምሳ ሲወርድ በሬ ላይ ቆመ፤
የጥበቃ ብር ከፍዬው ነበር፣ አሁን ትዝ ብሎት
ከኮቱ ኪስ ብጫቂ ወረቀት አወጣ።
«ደረሰኝሽ» አለ።
ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት።
ዕድሜዬን ሙሉ በየሱቁ ተቀብዬው፣ አጣጥፌ ጥዬው፣
ግስ መሆኑን አንድ ቀን አላነበብኩትም፦
ደረሰኝ።
ደረሰ፣ ለእኔ።
አምስት ፊደል እንኳ አይሞላም።

ጻፍኩት።
ቀለሙ ሳይደርቅ ቱቦው ጮኸ፣ ከሁለተኛ ፎቅ፣
አራት ጊዜ፣ በቁጣ።
አራት ምን እንደሆነ ስምምነቱ ውስጥ የለም፤
ግን በርሜሌ ሞልቶ በረንዳውን አልፎ
በጎረቤቴ ልብስ ማስጫ ላይ ይወርዳል።
ቧንቧውን ዘጋሁ፤
ማንኪያዬን አንሥቼ
አንድ ጊዜ ነካሁ።